ዋግ በጠላት ዘመንና ከዚያ ወዲህ

ዋግ ደጋና ቆላው በአንድ ቀን የእግር መንገድ የሚቀያየሩበት አገር ነው። ተከዜ በምዕራብና በሰሜን ያዋስነዋል፤ ጥራሪ ወንዝ በሸለቆው ወርዶ ከተከዜ ይቀላቀላል። በደቡብ ላስታ፣ በምሥራቅ ኦፍላና ራያ፣ በሰሜን ተምቤን ይጎራበቱታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችው ሰቆጣ ለዘመናት የታወቀችው በጨው ገበያዋ ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በእንስሳት ጀርባ ተጭኖ ዳገቱን ይወጣና ሰቆጣ ላይ በእህልና በማር ይለወጣል፤ ከዚያም ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይሻገራል። ሰቆጣን የያዘ የዚህን መንገድ ቀረጥና ወሬ ይይዝ ስለነበር፣ ከተማዋ ከስፋቷ በላይ ክብደት ነበራት።

የአገሩ ባለቤት ኽምጣና ተናጋሪው አገው ነው። ገዢዎቹ «ዋግሹም» ይባሉ ነበር። ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከዛጕዬ ነገሥታት ነው፤ በባህሉ እንደሚነገረው ዙፋኑ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ይኩኖ አምላክ ሲያልፍ ለዋግ መሳፍንት አገራቸው በርስትነት ቀርቶላቸዋል። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስመታት መብትም ነበራቸው። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የእነዚህ መሳፍንት ማረፊያ ነበር፤ ያልፈረሰ አስከሬናቸውም እዚያ ይገኛል። ዋግ ለማዕከላዊው መንግሥት ግብርና ጦር ይልካል፣ የውስጥ ጉዳዩን ግን በራሱ ሰዎች ይመራል። ኋላ ወራሪ ሲመጣ ሕዝቡ ለምን እንደዚያ እንደታገለ ለመረዳት ይህን አሮጌ ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የተነካው የአዲስ አበባ ዙፋን ብቻ ሳይሆን የገዛ ቤቱ አገዛዝም ነበርና።

የዋግ ቤት ከወረራው በፊትም በአገሪቱ ታላላቅ ጉዳዮች ውስጥ ድርሻ ነበረው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ሰቀሉ፤ ልጁ ዋግሹም ጎበዜ ሸፈተና በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። ንግሥናው ሦስት ዓመት ብቻ ቆየ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሳም በተባለው ስፍራ በካሣ ምርጫ፣ በኋላው ዐፄ ዮሐንስ ተሸንፎ ተማረከ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የራስ መኰንን ግንባር ቀደም ጦር አምባላጌ ላይ ሻለቃ ቶዜሊን ሲደመስስ ዋግሹም ጓንጉል ከነጦሩ አብሮ ነበር፤ ወደ ዓድዋም ዘልቋል። ከሰቆጣ ወደ አምባላጌ የሚወስደው መንገድ አጭር ስለሆነ የዋግ ሰው ጣሊያንን በወሬ ሳይሆን በዓይኑ ያውቀው ነበር።

በዚያው በ1888 ዓ.ም. በእስያ ሌላኛው ጫፍ ሌላ ተራራማ አገር ነጻነቱን ለማዳን ታግሎ ተሸነፈ። ፈረንሳይ ዳ ናንግን በመርከብ ጦር ከመታችበት ከነሐሴ 1850 ዓ.ም. ጀምሮ ቬትናምን ቁራሽ በቁራሽ ስትይዝ ቆይታ በ1880 ዓ.ም. ከካምቦዲያ ጋር አዋህዳ የኢንዶቻይና ኅብረት የሚባል ቅኝ ግዛት መሠረተች። ወጣቱ ንጉሥ ሃም ንጊ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ሕዝቡን ለተቃውሞ ጠራ፤ ተይዞም ወደ አልጄሪያ ተጋዘ። የእርሱን ጥሪ ተቀብሎ በማዕከላዊ ቬትናም ተራሮች ለዓመታት የተዋጋው ምሁር ፋን ዲን ፉንግ በበሽታ ሲሞት አስከሬኑ ከመቃብር ወጥቶ ተቃጠለ። ኢትዮጵያ ዓድዋ ላይ ስታሸንፍ ቬትናም የገባችበት አገዛዝ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ዘለቀ። ልዩነቱ የጀግንነት አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ዘመናዊ ጠመንጃ ለዓመታት አከማችተው ነበር፤ ሁሉንም ራሶችና ሹሞች በአንድ ዘመቻ አሰልፈው ለመግጠምም ችለዋል፤ ጣሊያንም ከፈረንሳይ የደከመ ኃይል ነበር። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ጣሊያን ስትመለስ ግን ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱም እንደነበረ አልጠበቃትም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ለዋግና ለላስታ ሰዎች የጦርነቱ ዋና ሜዳ ተምቤን ሆነ። በራስ ካሣ ኃይሉና በራስ ሥዩም መንገሻ በሚመራው ጦር ውስጥ የዋግን ሰዎች ይዞ የዘመተው የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነበር። ዘመቻው በአባቶች ወግ የሄደ ነው፤ ወታደሩ ስንቁን ራሱ ይይዛል፣ ሴቶች እየፈጩና እየጋገሩ ይከተላሉ፣ ካህናት ከጦሩ ጋር ይጓዛሉ። ጠመንጃው ብዙ ዓይነትና ብዙ ዕድሜ ያለው ነበር፤ ለአንዱ የሚሆን ጥይት ለሌላው አይሆንም። በዚህ ዓይነት ትጥቅ የኃይሉ ከበደ ሰዎች በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ለቀናት ከተካሄደ ከባድ ውጊያ በኋላ በተምቤን ያለችውን ዓቢይ ዓዲን ከጣሊያን እጅ አስለቀቁ። በዚያው ሰሞን ራስ እምሩና ደጃዝማች አያሌው ብሩ በስተምዕራብ ተከዜን ተሻግረው ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ታንኮች ማርከዋል። ኢትዮጵያውያን ማጥቃትን የመረጡበት ይህ ሰሞን በጦርነቱ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው ያነሰ ቦታ ተሰጥቶታል። የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ወደ መቀሌ የሚወስደው መስመር እንዳይቆረጥበት በእውነት ሰግቶ ነበር።

የባዶሊዮ መልስ ከሰማይ መጣ። ታኅሣሥ 13 ቀን በተከዜ ዳር የነበሩት ራስ እምሩ ኋላ እንደመሰከሩት፣ አውሮፕላኖቹ ያን ዕለት የጣሉት የተለመደውን ቦምብ አልነበረም። መሬት ሲነካ የሚፈነዳና ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል ነበር። ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጅ፣ እግርና ፊት ተላጠ፤ ከወንዙ የጠጡም ሞቱ። ይህ ይፐሪት የሚባለው የሰናፍጭ ጋዝ ነው። ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሳንባን ያቆስላል፤ በሣርና በቅጠል ላይ ተኝቶም ለቀናት ይቆያል። በባዶ እግሩ ለሚሄድና በቆላ ምንጭ ለሚጠጣ ሠራዊት ከዚህ የከፋ መሣሪያ አይገኝም። ጣሊያን ጋዝን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቫ ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች።

ከጥር 11 እስከ 15 በወርቅ አምባና በወሪዑ በር ዙሪያ በተደረገው የመጀመሪያው የተምቤን ጦርነት የራስ ካሣ ሰዎች በበሩ የተመሸገውን የጣሊያን ጥቁር ሸሚዝ ጦር ከበው ሊያጠፉት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ጋዝና የእርዳታ ጦር በጊዜ ደረሱለት። በየካቲት አምባ አራዶም ወደቀ፤ በዚያው ወርም ሁለተኛው የተምቤን ጦርነት የራስ ካሣንና የራስ ሥዩምን ጦር በተነ። የተረፈው በተከዜና በጥራሪ ሸለቆዎች ወደ ዋግና ወደ ኮረም ሸሸ፤ አውሮፕላን መሻገሪያውን እየጠበቀ ሲደበድበው። ንጉሠ ነገሥቱ በኮረም በነበሩበት ሰሞን፣ የካቲት 25 ቀን፣ የቀይ መስቀል ምልክት በግልጽ የተዘረጋበት የእንግሊዝ የሕክምና ቡድን ካምፕ በቦምብ ተመታ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የመጨረሻው ትልቅ ውጊያ ተደረገ። በዚያው በመጋቢት የጣሊያን ጦር ሰቆጣ ገብቶ ነበር።

ወረራው ለሰቆጣ የተለየ መልክ ነበረው። ጣሊያኖች ከአሥመራ ወደ ደሴና አዲስ አበባ የሠሩት ታላቁ መንገድ በአምባላጌ፣ በማይጨው፣ በኮረምና በአላማጣ ወርዶ ያልፋል፤ ዋግን በምዕራብ ትቶ። ስለዚህ ሰቆጣ ላይ የሰፈረው ጦር ከዋናው መንገድ የተነጠለ ነበር። በደጋ ጫፍ ምሽግ መሥራት ይቻላል፣ ከምሽጉ ወጥቶ ግብር መሰብሰብና መንገድ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ክፍተቱን ለመሙላት አገዛዙ የተጠቀመው በኤርትራ አስካሪዎችና ከአጎራባች አካባቢዎች በመለመላቸው ባንዳዎች ነበር። ይህ የፋሺስቱ ሥርዓት ካደረሳቸው በደሎች ሁሉ ረጅም ጥላ የጣለው ነው። ፈረንሳይም ቬትናምን በቬትናም ወታደሮች ነው ያስጠበቀችው። የውጭ ገዢ በሰው እጥረት ሲቸገር ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ያስታጥቃል፤ እርሱ ከሄደም በኋላ ቂሙ ከሕዝቡ ጋር ይቀራል።

በ1929 ዓ.ም. ሁኔታው ፈጥኖ ከፋ። በታኅሣሥ የላስታ ገዢ የነበረው የራስ ካሣ ልጅ ደጃዝማች ወንድወሰን ካሣ በላስታ ተይዞ ተረሸነ፤ ወንድሞቹ አበራና አስፋ ወሰን እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በጣሊያን እንደራሴው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር የተከተለው እልቂት የታወቀ ነው። ብዙ ያልተነገረው ግን በየገጠሩ የወረደው ትእዛዝ ነው፤ ባሕታውያን፣ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች «የጣሊያንን ውድቀት ይተነብያሉ» በሚል እየተያዙ ይገደሉ ጀመር። በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ሬዲዮና ጋዜጣ በሌለበት አገር ወሬና መዝሙር የሚያደርሱት እነዚህ ሰዎች ስለነበሩ፣ እነርሱን መግደል ሕዝቡን መስማትና መናገር መከልከል ነበር። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ። እጅ የሰጠ መኰንን እንደማይድን፣ የጸለየ መነኩሴ እንደማይማር የተረዳ ገበሬ ከመሸፈት በቀር ምርጫ አላየም። ጠመንጃውን አስረክብ መባሉም ለደገኛው ሰው ከመዋረድ የሚቆጠር ነበር።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ በነሐሴ 1929 ዓ.ም.፣ ዋግ፣ ላስታ፣ በጌምድርና ጎጃም በተቀራራቢ ጊዜ ተነሡ። ጊዜው በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም። በክረምት ወንዞች ይሞላሉ፣ መኪና ይሰምጣል፣ አውሮፕላን በጭጋግ ዓላማውን ያጣል። የተነጠሉት ጦር ሰፈሮች ተጠቁ፣ መገናኛቸውም ተቆረጠ። በዋግ አመፁን የመራው ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነበር፤ ያው ዓቢይ ዓዲን ያስለቀቀው ሰው። ለዋግ ሕዝብ እርሱ ከአዲስ አበባ የተሾመ የጦር አዛዥ ብቻ አልነበረም። የዋግሹሞች ልጅ ነው፤ አባቱ የገዙትን፣ አያቶቹ በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ያረፉበትን አገር ነበር የሚያስጠብቀው። ሕዝቡ እርሱን ሲከተል የሚያውቀውን ሥርዓት መከተሉ ነበር።

ግራዚያኒ አመፁን የተመለከተው አዲስ የያዘው ግዛት ከሥሩ የሚናድበት አደጋ አድርጎ ነው። ጦር ከየአቅጣጫው ወደ ዋግና ላስታ ተላከ፤ አውሮፕላንም ተሠማራ፤ መንደሮች ተቃጠሉ። መስከረም 1930 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ኃይሉ ከበደ ተገደለ። ድል አድራጊዎቹ አስከሬኑን አልቀበሩም፤ ራሱን ቆርጠው በሰቆጣ ለሕዝብ እንዲታይ አደረጉ። የቆረጡትን ራስ ይዘው ፎቶግራፍም ተነሡ፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ አለ። ዓላማው ግልጽ ነበር። አንድ ገዢ ተገድሎ በወጉ ከተቀበረ ሌላው ይተካዋል፤ ራሱ ተቆርጦ በአገሩ ገበያ ከታየ ግን ቤቱ በሙሉ እንደፈረሰ ይቆጠራል ብለው አስበው ነበር። የፋን ዲን ፉንግን አስከሬን ያቃጠሉትም የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ በተራራ የሸፈተ ሕዝብ የሚሰባሰብበት መቃብር እንዳያገኝ።

በኢትዮጵያ ታሪክ አጻጻፍ ይህ ድርጊት ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ሲሰጠው ብዙም አይታይም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የአዲስ አበባው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ተገቢ ክብር አግኝቷል፤ አቡነ ጴጥሮስም ሐውልት አላቸው። የሰሜኑ ደጋ አመፅ ግን በ1930 ዓ.ም. መግቢያ የፋሺስቱን አገዛዝ ያናወጠ ክስተት ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው ተማሪ ሳያውቀው ትምህርቱን ይጨርሳል። በዚያው ዓመት ሙሶሊኒ ግራዚያኒን አንሥቶ የአኦስታን መስፍን ሾመ። ለሹም ሽሩ አንዱ ምክንያት በጭካኔ ያልተገዛው ይህ የሰሜን ደጋ ነበር። አዲሱ ገዢ ለስለስ ያለ ፖሊሲ ሞከረ፤ አርበኝነቱ ግን በጎጃምና በበጌምድር ይበልጥ ተጠናከረ፣ በላስታና በዋግም ቢዳከም አልጠፋም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ የሰሜን አርበኞች የጣሊያንን ጦር በየምሽጉ ወጥረው ይዘውት ነበር።

«ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም» የሚለው አነጋገር እውነት ነው፤ አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ውስጥ ሳለ የኢትዮጵያ መንግሥት በዓድዋ ነጻነቱን አስከብሯል፣ ከአምስቱ ዓመታት ወረራም በኋላ ተመልሶ ቆሟል። ነገር ግን ያ አነጋገር በዋግ የተፈጸመውን ይሸፍናል። በሰቆጣ ለኖረ ሰው አምስቱ ዓመታት ጋዝ፣ የተቃጠለ መንደር፣ በባንዳ የተዘረፈ ከብትና የገዢው የተቆረጠ ራስ ነበሩ። ይህ በአልጄሪያ፣ በኮንጎም ሆነ በቬትናም ቅኝ የተገዙ ሕዝቦች ካዩት አይለይም፤ ያጠረው ዘመኑ ብቻ ነው። ማጠሩም የመጣው በእነዚህ ሰዎች ሕይወት ነው።

ለዚህ ሁሉ የተጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1940 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥያቄ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የጣሊያን ባለሥልጣናት ለፍርድ የሚያበቃ ማስረጃ እንዳለባቸው መዘገበ። አንዳቸውም ለኢትዮጵያ ተላልፈው አልተሰጡም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት ሲፈረድበት ክሱ ከናዚዎች ጋር ስለመተባበሩ ነበር፤ በወራት ውስጥም ተፈታ። የ1939 ዓ.ም. የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ደነገገ፤ በኋላ በተደረሰው ስምምነት ከካሣው ገንዘብ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠራ። ግድቡ ለአገር ጠቅሟል፤ መብራቱ ግን ጋዝ የወረደባቸውን የተከዜ ዳር መንደሮች አላበራም። የጣሊያን መንግሥት ጋዝ መጠቀሙን በመከላከያ ሚኒስትሩ በኩል ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከወረራው 60 ዓመት በኋላ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በጣሊያን አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመለት።

ከነጻነት በኋላ ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሆነ። የብር ወንበሩ ዘመን አብቅቷል፤ ሹመት ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ግብርም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መንገድ፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ግን እጅግ በዝግታ መጡ። የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲደርስ መንግሥቱ ደበቀው፤ ዙፋኑንም ከጣሉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው መደበቅ ሆነ።

በዚያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያነቡት ስለ ዋግ አልነበረም፤ ስለ ቬትናም ነበር። ሆ ቺ ሚን ነሐሴ 27 ቀን 1937 ዓ.ም. ሃኖይ ላይ ነጻነት አውጀው፣ ፈረንሳይ ልትመለስ ስትሞክር የጄኔራል ዢያፕ ጦር ሚያዝያ 29 ቀን 1946 ዓ.ም. በዲየን ቢየን ፉ ሸለቆ የተመሸገውን የፈረንሳይ ጦር ከ56 ቀን ከበባ በኋላ አስገብሮ ነበር። ገበሬዎች መድፍ ፈታትተው በገመድ እየጎተቱ ተራራ ላይ አውጥተው፣ በአውሮፕላን ብቻ ስንቅ የሚደርሰውን የሸለቆ ምሽግ ከላይ ደበደቡት። «ፋኖ ተሰማራ» የሚባለው የተማሪዎች መዝሙር የሆ ቺ ሚንን ስም ከቼ ጉቬራ ጋር አንሥቶ ነበር። የሚያሳዝነው ተማሪዎቹ በገዛ አገራቸው ደጋ፣ ከዲየን ቢየን ፉ 17 ዓመት ቀድሞ፣ በጠላት ምሽጎች ላይ የተነሣ የገበሬ ጦር እንደነበረ በቅጡ አለማወቃቸው ነው። ምሳሌ ፍለጋ እስያ ድረስ ሄዱ፤ ሰቆጣ ድረስ የሄደ ጥቂት ነበር።

ብዙም ሳይቆዩ ግን ራሳቸው ወደ ዋግ መጡ። የሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ ትጥቅ ትግል የካቲት 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከአሥር ሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 22፣ ሳይጎን በሰሜን ቬትናም ጦር እጅ ገባች። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ሠራዊት አሲምባ ላይ ተመትቶ ከተበተነ በኋላ ከአባሎቹ የተወሰኑት ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. በዋግ ምድር የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን፣ ኢሕዴንን መሠረቱ። ታምራት ላይኔ፣ አዲሱ ለገሰ፣ ተፈራ ዋልዋና በረከት ስምዖን ከዚህ ድርጅት መሪዎች መካከል ናቸው። ለሽምቅ ውጊያ ዋግ የተመቸበት ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ከነበረው አልተለየም፦ ገደል፣ ዋሻ፣ ከዋናው መንገድ መራቅ፣ ለገዢ በቀላሉ የማይገብር ገበሬ። ዋጋውም ያው ነበር። ዙፋኑን የተካው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ ከተሞችን፣ ሸማቂዎቹ ገጠሩን ይዘው በመካከል የተያዘው ገበሬ ለሁለቱም ስንቅና ልጅ አዋጣ።

የ1977 ዓ.ም. ረሃብ በዚህ ላይ ወረደ። ድርቁ የተፈጥሮ ነበር፤ ወደ እልቂት ያደረሰው ግን ጦርነቱ ነው። ዘመቻ ማሳ አጠፋ፣ ገበያ በአውሮፕላን ተደበደበ፣ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እህል ማጓጓዝ ታገደ። ከዋግ ቆላና ደጋ የተነሣ ሕዝብ ሕፃናቱን አዝሎ ወደ ኮረም ወረደ። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲ ቴሌቪዥን ለዓለም ያሳየው የኮረም ሜዳ ያ ነው። በዚያ ረሃብ በመላው ሰሜን የሞቱት ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታሉ። መንግሥቱም ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙውን ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። በቬትናም የቶንኪን ረሃብ በ1937 ዓ.ም. 1 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የሚገመት ሰው ሲገድል ምክንያቱ ተመሳሳይ ነበር፤ የጃፓንና የፈረንሳይ ሹሞች ሩዙን በግዴታ እየሰበሰቡ መጓጓዣውም በጦርነት ተቆርጦ ነበር። ነገር ግን ቬትናም ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ሰሜንና ደቡቡን አዋህዳ፣ ከካምቦዲያና ከቻይና ጋር የገጠመችውን ጦርነትም አልፋ፣ ዛሬ ሩዝ ለዓለም ከሚሸጡት ቀዳሚ አገሮች አንዷ ናት። በዋግ ጦርነቱ አልፎ የእርሻው ዘመን አልመጣም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. የአማፂዎቹ ግንባር ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ከዋግ የተነሣው ኢሕዴን በአሸናፊዎቹ ውስጥ ነበር፤ በኋላም ብአዴን ተባለ። ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ውስጥ የብሔረሰብ አስተዳደር ሆነ፤ ኽምጣና በትምህርት ቤት ማስተማሪያ ለመሆን በቃ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ውሳኔውን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ከተማዋ በዓለም ፊት የምትወከለው በአሞሌ ገበያዋም በአርበኛዋም ሳይሆን በረሃብ ሆነ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በፌዴራሉ መንግሥትና በትግራይ ኃይሎች መካከል የጀመረው ጦርነት ዋግን እንደገና መተላለፊያ አደረገው። የትግራይ ኃይሎች በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰቆጣን ይዘው ለወራት ቆዩ፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀለ ሕዝብ በሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠለለ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ከተፈናቃዮቹ ብዙዎቹ ገና በመጠለያ ነበሩ። ጠላት ከባሕር ማዶ ሲመጣ አብሮ የተዋጋው የዋግና የተምቤን ገበሬ በዚህ ጊዜ በተቃራኒ ምሽግ መቆሙ፣ የ1928ቱን የዓቢይ ዓዲ ዘመቻ ለሚያስታውስ ሁሉ የሚያም ነው።

የጣሊያን ወረራ ዘመን ምስክሮች አልፈዋል፤ ልጆቻቸው ግን በሰማኒያዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ ገና አሉ። በተምቤን የቀሩት የዋግ ሰዎች ስም፣ በ1930 ዓ.ም. የተቃጠሉት መንደሮች፣ ከኃይሉ ከበደ ጋር የወደቁት ጭፍሮች የሚታወቁት በአብዛኛው በኽምጣና በሚነገር የቤተሰብ ትውስታ እንጂ በታተመ መጽሐፍ አይደለም። የአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎችና የብሔረሰብ አስተዳደሩ የባህል ባለሙያዎች ይህን ቃል በቋንቋው እየቀዱ ቢሰበስቡ፣ የትምህርት መጻሕፍት አዘጋጆችም የሰሜኑን አመፅ በሙሉ ገጽ ቢያስተምሩ ለአገር ታላቅ ሥራ ነው። አያቱ ከዋግ ዘምቶ ያልተመለሰ አንባቢም የሚያውቀውን ስምና ቦታ ዛሬ በወረቀት ያስፍር።